በአንድ ዲስኬት የሚያልቅ ፕሮግራም

እኛ በ1980ዎቹ መጨረሻ በአምቦና በዙሪያዋ ከተሞች ኮምፒውተር የለመድን ሰዎች፣ ፕሮግራም መሥራት የጀመርነው ኢንተርኔት የሚባል ነገር ሳናይ ነው። የማሠልጠኛው ታፔላ «ዶስ፣ ወርድ ፐርፌክት፣ ሎተስ፣ ዲቤዝ» ይላል። በር ላይ ጫማ ይወለቃል፤ ማሽኑ አቧራ እንዳይነካው ከነስታቢላይዘሩ ተሸፍኖ ይጠብቃል። መብራት ሲሄድ ሴቭ ያልተደረገ ሥራ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። የዚያ ዘመን ወሬ በተነሣ ቁጥር ጥቁሩ ስክሪንና የዶስ ትእዛዞች ይወራሉ። የኛ ዋና ሙያ ግን እሱ አልነበረም። ሙያችን እኛ በሌለንበት የሚሠራ ፕሮግራም አሽጎ መላክ ነበር።

ግድም ነበር። ጊንጪ፣ ጉደር፣ ጌዶ፣ ባኮ ያሉት መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተር ቢኖራቸው እንኳ አንዱን ከሌላው የሚያገናኝ መስመር አልነበረም። ፕሮግራሙ በዲስኬት ሆኖ በአውቶቡስ ይሄዳል። እዚያ ደርሶ አልሠራም ካለ ስህተቱን በስልክ ማስረዳት ጭንቅ ነው፤ ታርሞ ተመልሶ እስኪሄድ ሳምንት ያልፋል። ስለዚህ የሚቀበለው ሰው ምን ሊያጋጥመው እንደሚችል ሁሉ ከመላኩ በፊት ቁጭ ብሎ ማሰብ የሥራው ግማሽ ነበር።

አንድ የተማሪ ውጤት መደመሪያ እንውሰድ። በዲቤዝ ቋንቋ ይጻፍና በክሊፐር ኮምፓይል ይደረጋል፤ ያኔ ዲቤዝ በሌለበት ማሽን ላይም ራሱን ችሎ ይነሣል። ከሱ ጋር ባዶ የመረጃ ፋይሎች፣ «ሪድሚ» የሚባል የመመሪያ ጽሑፍና «ኢንስቶል» የሚል ባች ፋይል በዲስኬቱ ላይ ይቀመጣሉ። ባች ፋይሉ መጀመሪያ የፕሮግራሙ ስም ያለው ማኅደር በሲ ድራይቭ ላይ መኖሩን ያያል፤ ካለ የዓመቱን ውጤት እንዳይደመስሰው ያቆማል፤ ከሌለ ማኅደሩን ፈጥሮ ፋይሎቹን ይገለብጣል። የፋይል ስም ከስምንት ፊደል አይበልጥም፤ ከነጥቡ በኋላ ሦስት ብቻ ነው። በጣም የሚያስቸግረው ግን «ኮንፊግ ሲስ» በሚባለው የዶስ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ያለችው «ፋይልስ» የምትል መስመር ናት። ዶስ ካልተነገረው በአንዴ የሚከፍተው 8 ፋይል ብቻ ነው። የተማሪው ስም ዝርዝር፣ የትምህርቱ ዓይነት፣ ውጤቱ፣ የየአንዳንዱም ኢንዴክስ ሲቆጠር ከዚያ ያልፋል። ቁጥሩ 40 ተደርጎ ማሽኑ ጠፍቶ መነሣት አለበት። ይህችን መስመር የረሳ ፕሮግራመር ራሱ ተሳፍሮ ባኮ ይወርዳል።

ዕቃው የአንድ ዲስኬት ልክ ከሆነው ከ1.44 ሜጋባይት ካለፈ አርጅ በሚባል የፋይል መጭመቂያ ፕሮግራም ተጨምቆ ለሁለትና ለሦስት ዲስኬት ይከፈላል። ከሦስቱ አንዱ ከተበላሸ ግን ሁሉም ዋጋ የለውም። ስለዚህ የሠለጠነ ሰው ሥራውን አሳጥሮ በአንድ ዲስኬት ይጨርሳል፤ ሁለት ቅጂም ይልካል።

የፊደሉ ነገር ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ዶስ የነበረው የፊደል ቦታ 256 ሲሆን ግማሹን እንግሊዝኛና ምልክቶቹ ይዘውታል። የኛ 33 ፊደላት እስከ ሳብዕ ሲቆጠሩ ብቻ 231 ናቸው፤ ዲቃላዎቹና ቁጥሮቹ ገና አልተነኩም። በአሜሪካ ፍሥሐ አጥላው «ዳሸን» የሚባለውን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር አበራ ሞላ «ሞዴት»ን፣ እዚህ አገር ቤት ደግሞ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን «አጋፋሪ»ን ሲሠሩ፣ ሁሉም ይህን ጥበት በየራሳቸው መንገድ ነው ያለፉት። በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር።

እኛ ባለንበት በምዕራብ ሸዋ የፊደሉ ጉዳይ በየቀኑ ፊት ለፊት የሚታይ ነበር። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ አፋን ኦሮሞ የላቲን ፊደል በሆነው በቁቤ ሲጻፍ፣ የቢሮው ደብዳቤ ምንም ሳይጨመርለት በወርድ ፐርፌክት ይወጣል፤ የአፖስትሮፏ ምልክት እንኳ ኪቦርዱ ላይ አለች። ለአማርኛው ደብዳቤ ግን ሌላ ፕሮግራም መጫን አለበት። በኛ የመጫኛ ዲስኬት ላይም እንደዚሁ ነው፦ የኦሮምኛው መልእክት እንዳለ ይታያል፤ አማርኛው ግን ፊደሉ ገና ስላልተጫነ «እባክዎ ይጠብቁ» የሚለው በላቲን ይጻፋል። አንባቢው በድምፅ እያነበበ ይረዳው ነበር።

የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቋሚ ቦታ አገኘ፤ ዊንዶውስም ዶስን ገፋው። ሥራችንም ተረሳ። ምክንያቱ ግን የቴክኖሎጂው መለወጥ ብቻ አይደለም። በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች ዶስ እንዳይሞት ብለው በ1994 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ፍሪዶስ ዛሬም አለ። እዚያ አንድ ፕሮግራም የሚታሸገው በዚፕ ፋይል ሆኖ፣ ውስጡ የፕሮግራሙን ስም፣ እትሙን፣ የሠሪውን ማንነትና የአጠቃቀም ፈቃዱን የሚናገር ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ይዞ ነው፤ ምንጭ ኮዱም አብሮ ይቀመጣል። የኛ ዘመን ልማድ ግን የሚሠራውን ብቻ ማሸግ ነበር። ኮዱን እንዳይሰረቅ ብለን ደበቅነው፤ ስማችንንም ብዙዎቻችን አልጻፍንም። የተጠቀምንባቸው ሶፍትዌሮች ራሳቸው ተቀድተው የመጡ ነበሩና ባለቤትነት የሚባለውን ነገር ማን ያስተምረን?

ዲስኬት ዕድሜ ልክ አይቆይም፤ መግነጢሱ ይደክማል። በየቤታችን ካርቶን ውስጥ የተቀመጠ ካለ፣ የዲስኬት ማንበቢያ ፈልጎ መገልበጥ አሁን ነው። ዶስቦክስ የሚባለው ፕሮግራም በዛሬ ላፕቶፕ ላይ ያስነሣዋል። ስትገለብጡ ግን የሚሠራውን ፋይል ብቻ አትውሰዱ፤ ኮዱን፣ የፊደሉን ሰንጠረዥና የሠሪውን ስም ጨምሩበት። ያኔ ያላሸግነው እሱን ነው።