ነጥብና ሰረዝ

የጎረቤቴ ልጅ አምስት ኪሎ ምህንድስና ይማር በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ቀን አያት ኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ አገኘኝና «ጋሼ፣ በክለባችን አማተር ሬዲዮ ጃፓንን አገኘኋት!» አለኝ።

«በሞርስ?»

«ኧረ በኤፍ ቲ 8 ነው! ኮምፒውተሩ ራሱ በየ15 ሴኮንዱ ይልካል፣ ይቀበላል።»

«ታዲያ አንተ ምን ሠራህ?»

ከአፌ ካመለጠኝ በኋላ አፈርኩ። ምን ላድርግ፣ ወጣትነቴን የፈጀሁት የመገናኛ ወታደር ሆኜ፣ ነጥብና ሰረዝ ስለቅም ነው። ሞርስ የማያውቅ ሰው ለእኛ ሬዲዮ ነካ አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2003 ጄኔቭ የተሰበሰበው የዓለም ሬዲዮ ጉባኤ የአጭር ሞገድ ፈቃድ ለሚሻ አማተር ሞርስ ግዴታ መሆኑን አንስቶ ለየአገሩ ሲተወው፣ «በቃ፣ ማንም ሊገባበት ነው» ብዬ ነበር። ይኸው፣ «ማንም» ያልኩት የጎረቤቴ ልጅ ሆኖ መጣ። በኢ ቲ 3 ኤ ኤ፣ በክለቡ መጠሪያ፣ ኢትዮጵያን አየር ላይ የሚያሰማውም እሱ እንጂ እኔ አይደለሁም።

«እስቲ ስምዎን በሞርስ ያፏጩልኝ» ብሎ ስልኩን ደቀነ። አፏጨሁ። ስልኩ ስሜን በላቲን ፊደል ጻፈው፤ አንዷ ፊደል ግን ሌላ ሆነች።

«ስልክህ ተሳሳተ» አልኩት።

«ይሆናል፣ ጋሼ» አለ በትሕትና።

ቤቴ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ቀስ ብዬ ደገምኩት። ስልኩ አልተሳሳተም።