ሸራ ወይስ ቆርቆሮ

ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ከፍቶ ያልተቆጡት ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እኔን የተቆጡኝ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ነው። ከአሜሪካ ለእረፍት ሄጄ፣ ሙቀቱ አላስተነፍስ ሲለኝ ሁለት ጣት ያህል ገፋ አደረግሁት። ከኋላዬ አራት ሰዎች እኩል፦ «ኧረ ዝጊው፣ ነፋስ ይመታናል!» ዘጋሁት። እንግዲህ የዚህ ሕዝብ ልጅ ሆኜ ነው በሠላሳ ሁለት ዓመቴ ጣሪያው የሚከፈት መኪና ልገዛ የተነሣሁት።

መኪናዋ ማዝዳ ሚያታ ናት። ከ1989 ጀምሮ ያለች፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ፒክአፕ አጠገቧ ሲቆም የማትታይ ትንሽዬ መኪና። እዚህ ቨርጂኒያ ሃይስኩል ሳለሁ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት አንዲት ቀይ ሚያታ ትቆም ነበር፤ ያኔ ነው የተለከፍኩት። እማዬ ስትሰማ መጀመሪያ «ለቤት ያስቀመጥሽውን ብር?» አለች። ቀጥላ ደግሞ «ዘመድ ደለስ ሲያርፍ ምን ላይ ልትጭኚው ነው?» ለሁለተኛው መልስ የለኝም። የኋላው የዕቃ ቦታ 130 ሊትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ በርበሬና ሽሮ ይዞ የሚመጣ ትልቅ ሻንጣ አንዱም አይገባበት።

መግዛቱን ግን ወስኛለሁ። ያልወሰንኩት የጣሪያውን ነገር ነው። የአሁኗ ሚያታ ከ2017 ሞዴል ወዲህ በሁለት ዓይነት ትመጣለች። አንዷ ጣሪያዋ ሸራ ነው፣ በእጅ ይታጠፋል። ሌላዋ አርኤፍ የምትባለው ጠንካራ ጣሪያ አላት፤ በተኑን ስትጫኑት 13 ሰከንድ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ራሱ ተነሥቶ፣ ተጣጥፎ፣ ከወንበሩ ኋላ ይገባል። ቪዲዮውን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልነግራችሁም።

ልቤ ያደላው ወደ አርኤፍ ነበር። ምክንያት ሞልቶኛል። ጋራዥ የለኝም፣ የማቆመው መንገድ ዳር ነው። ሸራ በቢላ ይቀደዳል። እንዲያውም የሸራ ባለቤቶች ምክር «ውስጡ ምንም አትተይ፣ በሩንም አትቆልፊ» ነው፤ ሌባው በበሩ ገብቶ ባዶ መሆኑን አይቶ ቢሄድ ይሻላል፣ ሸራ ማስቀየር ከሺህ ዶላር በላይ ነዋ። የክረምቱ ብርድ አለ። የሀይዌይ ጩኸት አለ። በዚያ ላይ፣ እውነቱን ላውራ ካልኩ፣ አርኤፍ ስትዘጋ እንደማንኛዋም መኪና ናት። በምሠራበት ሆስፒታል ፓርኪንግ ወይም በቤተ ክርስቲያን ግቢ «አያችኋት ያቺን?» የሚል አይኖርም። የሚከፈት መኪና እፈልጋለሁ፣ ግን የሚከፈት መሆኑ ባይታወቅብኝ ደስ ይለኛል። አርኤፍ ወደ 50 ኪሎ ትከብዳለች፣ ዋጋዋም ከፍ ይላል። ይሁን አልኩ።

እዚህ ላይ አባዬ ይገባል።

አባዬ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ 24 ዓመት ታክሲ ነድቷል። ባለፈው ዓመት የጎረቤት የቆመ መኪና ገጨ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ቀይ መብራት አልፎ ነበር። ዓይኑ እንደደከመ ሐኪሙ ነግሮናል። እማዬ አልደፈረችም፣ ወንድሜ ሩቅ ነው፣ ቁልፉን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ኩሽና ውስጥ እንደቆምኩ «አምጣው» አልኩት። ለልጅ እንደሚባለው፣ ምላጭ የያዘ ሕፃን ይመስል። ሌላ አባባል ይጠፋል እንዴ? አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወደ ክፍሉ ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ የምነዳው መኪና ውስጥ አልገባ አለ። ለሐኪም ቀጠሮ እንኳ የሚወስደው የድሮ የታክሲ ጓደኛው ነው። ሲያዋራኝ ስለ አየሩ ብቻ ነው።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ «ሁለት መኪና ይዤ ግራ ገብቶኛል፣ እይልኝ» ስለው ተስፋ አልነበረኝም። ዝም ብሎኝ ቆየና ጫማውን መፈለግ ጀመረ። መጣ፤ በጓደኛው መኪና፣ ከኋላዬ እየተከተለ።

መጀመሪያ አርኤፏን አየን። ሻጩ በተኑን ተጫነ፣ ጣሪያው ጭፈራውን ጨፈረ፣ አባዬ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጨርሶ እስኪገባ ጠበቀ። ጉልበቱን እያመመው ገብቶ ተቀመጠና ወደ ኋላ ዞሮ አየ። አርኤፍ ስትከፈትም ከኋላ ግራና ቀኝ ያሉት ክንፎች እንደቆሙ ይቀራሉ።

«ይሄማ ትልቅ መስኮት ነው» አለና ወረደ።

ሸራዋ ያለችው ሌላ ቦታ ነበር። ግራጫ፣ የ2017፣ ማርሿ የእጅ። የታክሲ ሹፌር ሞተር ያስከፍታል፣ ጎማ ያያል ብዬ ስጠብቅ አባዬ በቀጥታ ወደ ሸራው ሄደ። ስፌቱን በጣቱ ተከትሎ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰው። ጥጉን ገልበጥ አድርጎ አሸተተው።

«ሸራ መሀሉ አያፈስም፣ ስፌቱ ነው የሚያፈሰው» አለኝ። «እርጥቡን ካጠፍሽው ደግሞ ይሸታል፣ ይበሰብስብሻል። ሳይደርቅ እንዳታጥፊው።»

አባዬ በንጉሡ ዘመን፣ በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ በአሰብ መንገድ የኤንትሬ ረዳት ነበር። ይህን አውቃለሁ፤ እኛ ስናጠና እንቅልፍ ሲጥለን የሚነገረን የመከራ ታሪክ ነበር። ሸራ ማልበስና ገመድ ማጥበቅ የረዳት ሥራ መሆኑን ግን አስቤው አላውቅም። የአፋር በረሃ ቀን ስለሚያቃጥል ሌሊት ነበር የሚጓዙት፤ ሹፌሩ ጋቢና፣ እሱ ከጭነቱ ላይ፣ ሸራው ላይ በጀርባው ተጋድሞ። «ከባቲ በታች ያለው ሰማይ» አለ፣ የመኪናዋን ሸራ እንደያዘ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ሻጩ አማርኛ ባይገባውም አብሮን ዝም አለ።

ከዚያ ከእኔ አጠገብ ተቀመጠ። ሻጩ አከፋፈቱን ሊያሳየን ጎንበስ ሲል፣ አባዬ ከፊት መስታወቱ በላይ መሀል ላይ ያለችውን ማያያዣ በግራ እጁ አላቀቀና ሸራውን ወደ ኋላ ወረወረው። ቀጭ እስኪል ተጫነው። ሦስት ሰከንድ አልፈጀም። አርኤፍ ውስጥ ለእሱ የሚሆን ሥራ አልነበረም።

ሸራዋን ገዛሁ። ሌባውም፣ ብርዱም፣ ሺህ ዶላሩም ባሉበት አሉ። ሀይዌይ ላይ ስልክ ማናገር አይቻልም። መመሪያ መጽሐፏን ሳነብ ሸራውን እርጥብ ሆኖ አትጠፉ ይላል። እማዬ እስካሁን አልገባችባትም፤ «ፀጉሬን አበላሽቼ» ትላለች።

እሑድ እሑድ ከአባዬ ጋር በፖቶማክ ወንዝ ዳር እንሄዳለን። ጣሪያው ክፍት ሲሆን ለጉልበቱም ይሻለዋል፣ የመስታወቱን ጫፍ ይዞ ቁልቁል ይወርድበታል። ዝናብ ካስፈራራ ግን ዘግተን እንነሣለን፤ ሰማዩ ሲጠራ ቀይ መብራት ላይ እጁን ማያያዣው ላይ አድርጎ ይጠብቃል።

«ሹፌር፣ ልክፈት?»

«ክፈት።»

በመጀመሪያው እሑድ ኮፍያውን እስከ ጆሮው ስቦ፣ አንገቱን በፎጣ ጠቅልሎ ነበር የመጣው። ከተማውን ወጣ ብለን ፍጥነት ስጨምር ወደ እኔ ዞሮ ጮኸ፦

«መስኮቱን ዝጊው እንጂ፣ ነፋስ ይመታናል!»

ከራሳችን በላይ ያለው ሰማይ ብቻ ነው። ዘጋሁት። ደግሞ ልክ ነበር፤ የጎን መስኮቶቹ ሲዘጉ ነፋሱ ከአናታችን በላይ አልፎ ይሄዳል።