የማለዳው ሞተርና የባለሙያው ጆሮ

ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች የሐይቅ ዳር ከተማ እንደ መሆኗ፣ በብርድ የምትታማ አገር አይደለችም። ይሁን እንጂ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ያለ ደመና ጥርት ብሎ ያደረ እንደ ሆነ፣ ንጋቱ ላይ ጋቢ የሚያስደርብ ቅዝቃዜ ይወርዳል። በእንዲህ ያለው ማለዳ ከተማይቱ ከብርሃን ቀድማ በድምፅ ትነቃለች። ደወሉና አዛኑ ይቀድማሉ፤ በአሞራ ገደል የዓሣ አጥማጆቹ ጥሪና የአባ ኮዳዎቹ የክንፍ ድምፅ ይከተላል፤ ከዚያም በየግቢውና በየመንገዱ ዳር ሞተሮች አንድ በአንድ ይነሣሉ። ባጃጁ ተንተክትኮ፣ አይሱዙው አጓርቶ፣ አሮጌው የቤት መኪና ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ አስሎ ቀኑን ይጀምራል። ይህን ድምፅ የማይሰማ ሰው የለም፤ የሚያዳምጠው ግን ጥቂት ነው። በመስማትና በማዳመጥ መካከል ያለውን ርቀት አንድ የከተማው መምህር የተማረው በእንዲህ ያለ የታኅሣሥ ማለዳ ነበር።

መምህሩ ከአባቱ የወረሳት አንዲት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ነበረችው። ይህች መኪና ለሦስት ሳምንት ያህል ጧት ጧት ስትነሣ እንግዳ ድምፅ ታሰማ ጀመር። ጎረቤቶቹ «ሲሞቅ ይተወዋል» አሉት፤ እውነትም ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ሲደርስ ድምፁ የቀነሰ ይመስለው ነበር። ይህንንም ለማረጋገጥ ሳይሆን ለመርሳት ሲል የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ አድርጎ መንዳት ለመደ። ነገር ግን እናቱ ለዐይናቸው ሕክምና ከሀገረ ሰላም ወርደው እርሱ ዘንድ ሰንብተው ነበርና፣ በመጪው ቅዳሜ ወደ ደጋው ሊመልሳቸው ቃል ገብቷል። የዳገቱ ነገር ትዝ ባለው ቁጥር የጧቱ ድምፅ በጆሮው ውስጥ ይመላለስ ጀመር። በመጨረሻም መኪናዋን አባቱ ከሚያውቋቸው አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ወሰዳት።

አዛውንቱ ኮፈኑን እንኳ አላስከፈቱትም። «አሁን ምንም አልነግርህም» አሉት። «መኪናህ ሮጣ የመጣች፣ የሞቀች ናት። የሞቀ ሞተር እንግዳ እንደ ተቀበለ ቤት ነው፤ ጉዱን ሸፍኖ ነው የሚያጫውትህ። እዚሁ ትደር። ነገ በ12 ሰዓት፣ ማንም ቁልፍ ሳይነካት ና።»

የአዛውንቱ ቃል ምሳሌያዊ አነጋገር ብቻ አልነበረም። ሞተር ቆሞ ሲያድር በየአካላቱ መካከል የነበረው ዘይት ቀስ በቀስ ተንጠፍጥፎ ወደ ታችኛው ቋት ይወርዳል፤ ቅዝቃዜውም ዘይቱን ያወፍረዋል። በመሆኑም ጧት ቁልፉ ሲዞር፣ ፓምፑ ዘይቱን ስቦ ከላይ እስካሉት ቫልቮች እስኪያደርስ ድረስ ባሉት ጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ፣ ብረት ከብረት ጋር ያለ አስታራቂ ይገናኛል። ከዚህም ሌላ ብረታ ብረት ሁሉ በሙቀት ይለጠጣል፣ በቅዝቃዜ ይኮማተራል፤ ሆኖም ሁሉም እኩል አይደለም። ብዙውን ጊዜ ፒስተን የሚሠራበት አሉሚንየም በሙቀት የሚለጠጠው፣ የሲሊንደሩ ብረት ከሚለጠጠው ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ሲሞቅ ልክክ ብሎ የሚገጥመው ፒስተን፣ ያረጀ እንደ ሆነ፣ በቅዝቃዜ ጊዜ ሰፊ ጫማ እንዳጠለቀ እግር ይዋልላል። እንግዲህ ከጧት ድምፆች አንዳንዶቹ የቅዝቃዜው ናቸው፤ ሙቀቱ ሲመጣ ይሄዳሉ። አንዳንዶቹ ግን የሕመም ድምፆች ናቸው። ስለሆነም የባለሙያው ጥያቄ «ምን ይጮኻል?» ብቻ ሳይሆን፣ «መቼ ጀመረ? መቼ ተወ? ነዳጅ ሲሰጡትስ ምን አለ?» የሚል ጭምር ነው።

በማግሥቱ መምህሩ ሲደርስ አዛውንቱና ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ረዳታቸው ኮፈኑን ከፍተው ይጠብቁት ነበር። ቁልፉ ዞረ፤ ሞተሪኖው አቃሰተ፤ መኪናዋም ተነሣች። አዛውንቱ ረጅም ካቻቢቴ አንሥተው ጫፉን በሞተሩ ጎን ላይ አሳረፉ፤ እጀታውንም ከጆሯቸው ሥር ካለው አጥንት ላይ ተከሉት። ይህ በየጋራዡ የሚታይ ቀላል ብልሃት፣ በ1816 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ፈረንሳዊው ሐኪም ላኤኔክ ወረቀት ጠቅልሎ የሕመምተኛን ልብ ካዳመጠበት ብልሃት ጋር ወንድማማች ነው። የሐኪሙ ጥቅል ወረቀት ተሻሽሎ ዛሬ በየሐኪሙ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው መሣሪያ ሆነ፤ የመካኒኩ ካቻቢቴ ግን ካቻቢቴ እንደ ሆነ ቀረ።

አዛውንቱ ግን ብዙ አልቈዩም። ካቻቢቴውን ለወጣቱ አቀበሉና «ዐይንህን ጨፍን፤ ምን ትሰማለህ?» አሉት።

ወጣቱ የብረቱን ጫፍ ከላይ ወደ ታች፣ ከፊት ወደ ኋላ እያዛወረ ጥቂት ቈየ። «ጋሼ፣ ሦስት ናቸው» አለ። «አንደኛው ከፊት ነው፤ ሲር ይላል፤ ቺንጋው ነው። ሁለተኛው ከላይ ነው፤ ቀጭን ነው፤ ጠቅ ጠቅ ይላል። ቫልቭ ይመስለኛል። ሦስተኛው ደግሞ ከታች ነው...» እዚህ ላይ ቃል አጠረው። «ወፍራም ነው ጋሼ። ሌሊት በር እንደሚያንኳኳ ሰው ነው።»

እዚህ ላይ የቋንቋውን ነገር ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ፣ ኢትዮጵያዊው ሠራተኛ ለዚህ የብረት እንስሳ አካላት ስም ማውጣት ነበረበት። አብዛኛዎቹን ስሞች ያገኘው ከጣልያንኛ ነው፤ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ካቻቢቴ ሁሉም ከዚያው የመጡ ናቸው። ለድምፆቹ ግን ከማንም አልተበደረም። ሲር ማለት፣ ጠቅ ጠቅ ማለት፣ መንኳኳት፣ ማቃሰት፣ ማፏጨት፣ ማጓራት የገዛ ቋንቋው ሀብት ናቸው። የዕቃው ስም ከውጭ መጣ፤ የሕመሙ ስም ከቤት ወጣ።

አዛውንቱ የወጣቱን ቃል በተራ በተራ ፈተኑት። በመጀመሪያ በሚዞረው ቺንጋ ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ እንዲያደርግ አዘዙት፤ ውሃው እንደ ነካው ሲርታው ወዲያው ተለወጠ፤ በዚህም ድምፁ የቺንጋው መሆኑ ተረጋገጠ። ሞተር በተነሣ ጊዜ ዲናሞው ከባትሪው የወጣውን ኃይል ለመመለስ በብርቱ ይሠራልና፣ የላላ ወይም ፊቱ ያለቀ ቺንጋ ሸክሙን መሸከም አቅቶት በመዘውሩ ላይ ይንሸራተታል፤ የሚጮኸውም ያን ጊዜ ነው። ጠቅ ጠቅታው ዘይቱ ወደ ላይ ሲደርስ እየሳሳ ሄደ፤ በቫልቮቹ ላይ ያለው ክፍተት ተለክቶ ቢስተካከል የሚድን ነው። ሦስተኛው ድምፅ ግን አልሄደም። መምህሩ «ፒስተን ሲቀዘቅዝ የሚያሰማው ይሆናል» ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር፤ ሞተሩ እየሞቀ፣ ዘይቱም እየቀጠነ ሲሄድ ግን ኳኳታው ጭራሽ ጎልቶ ወጣ፤ ነዳጅ ሲሰጠውም እየፈጠነና እየከበደ መጣ።

የመጨረሻው ፈተና ቀረ። ወጣቱ ወደ ካንዴላዎቹ የሚሄዱትን አራት ሽቦዎች አንድ በአንድ ነቅሎ መመለስ ጀመረ። አንደኛው ሲነቀል ሞተሩ ተንገዳገደ፤ ኳኳታው ግን እንደ ነበረ ነው። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ሲነቀል ኳኳታው ታፈነ። በዚያ ሲሊንደር ውስጥ እሳት ከሌለ ፒስተኑን ወደ ታች የሚደበድበው ኃይል የለምና፣ ፒስተኑን ከዋናው ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ቢዬላ በላላው መቀመጫው ላይ አይመታም። «የሦስተኛው ብሮንዚን አልቋል» አለ ወጣቱ፤ አዛውንቱም ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

መምህሩ ቅዳሜን አነሣ። አንድ ጊዜ ብቻ እናቱን አድርሶ ቢመለስ፣ ከዚያ በኋላ መኪናዋን እንደሚያስረክባቸው ለመናቸው።

«እስከ ይርጋለም ትሄድልህ ይሆናል» አሉት አዛውንቱ፤ «ምናልባትም እስከ አለታ ወንዶ። ከዚያ ወዲያ ግን ዳገት ነው።» ሀገረ ሰላም ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች የብርድ አገር ናት፤ ከሐዋሳ የሚነሣ መኪና ከ1,000 ሜትር የበለጠ ወደ ላይ መውጣት አለበት። «ሞተሩ ሸክም ሲበዛበት ቢዬላው ይበጠሳል፤ ሲበጠስ ደግሞ የሞተሩን ጎን ቀዶ ነው የሚወጣው። ይህን እያወቅህ እናትህን ከጎንህ ታስቀምጣለህ?»

መምህሩ መልስ አልነበረውም። ለሦስት ሳምንት የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ ያደረገበትን እጁን ተመለከተ።

በዚህ ጊዜ ግን ሌላ ነገር አስተዋለ። ወጣቱ ቺንጋውን ሲፈትሽ አዛውንቱ የተመለከቱት ቺንጋውን ሳይሆን የወጣቱን ፊት ነበር። ሲርታው ግቢውን ሞልቶት ሳለም «አሁንም ይጮኻል?» ብለው ጠይቀዋል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ይህንኑ በአክብሮት አነሣባቸው።

አዛውንቱ ሳይሸሽጉ ነገሩት። ባለፈው ክረምት አንድ ሰው መኪናውን ለምርመራ አምጥቶላቸው ነበር። አዳመጡና «ደኅና ነው» ብለው ሸኙት። ሰውየው መንገድ ላይ ሳለ ቺንጋው ተበጠሰ፤ ያው ቺንጋ የውሃውን ፓምፕም ያዞር ነበርና ሞተሩ ግሎ ተቃጠለ። ረዳታቸው በኋላ እንደ ነገራቸው፣ ያ ቺንጋ ከግቢው ሲወጣ እየጮኸ ነበር። ወጣቱ «ጋሼ እንዴት ይሳሳታሉ» ብሎ በማክበር ዝም ብሏል። የማሠሪያውን ወጪ ከኪሳቸው ከፈሉ። «ወፍራሙን እሰማለሁ» አሉ፤ «ቀጭኑ ግን ትቶኝ ሄዷል። ያን ጊዜ ልጁ ዝም ያለው በእኔ ጥፋት ነው፤ እንዲናገር አላስተማርሁትማ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የሚናገረው እርሱ ነው።»

ይህ የአንድ ሰው ዕጣ ብቻ አይደለም። ዘመኑን ሁሉ በመዶሻና በሞተር ጩኸት መካከል የኖረ ሰው በውስጠኛው ጆሮው ያሉት ረቂቅ የመስሚያ ሕዋሳት ይጎዳሉ፤ አንድ ጊዜ ከሞቱም ተመልሰው አይበቅሉም። አስቀድመው የሚጠፉትም ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው። ባለሙያውን ባለሙያ ያደረገው ሥራ፣ የሙያውን መሣሪያ ቀስ በቀስ ይበላበታል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ በሐዋሳም ጎዳናዎች በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪናዎች ይታያሉ። እነዚህ ጧት ሲነሡ አያስሉም፤ ቢዬላም ካንዴላም የላቸውም። እንግዲህ ይህ የጆሮ ዕውቀት ከአሮጌዎቹ ሞተሮች ጋር አብሮ ይቀበራል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ነገር ግን የክራር ደርዳሪ ትዝታን ከባቲ ለይቶ ሲቃኝ፣ ሸክላ ገዢዋም ማሰሮውን በጣቷ መታ አድርጋ ስንጥቁን ስታውቅ፣ ከአንዱ ክራር ወይም ከአንዱ ማሰሮ ጋር የተወለደና የሚሞት ዕውቀት አይደለም የያዙት። ጤነኛው ድምፅ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ በልብ ይዞ፣ ከእርሱ የወጣውን መለየት ነው። ኩሽኔታ በኤሌክትሪክ መኪናም ውስጥ ያልቃል፤ ሲያልቅም ይናገራል። የሚያስፈልገው የሚያዳምጥ ጆሮና የሰማውን ሳይፈራ የሚናገር አፍ ነው።

ቅዳሜ እናቲቱ በሚኒባስ ወደ ሀገረ ሰላም ሄዱ። ልጃቸው እስከ መነኻሪያው ሸኛቸው፤ ስለ መኪናዋም ሲነግራቸው «እኔስ ድምፁን ሰምቼው ነበር፤ አንተ የምታውቅ መስሎኝ ዝም አልሁ» አሉት። ሞተሩ ሲከፈት የሦስተኛው ብሮንዚን ነጩ ፊቱ ተልጦ፣ ከሥሩ ያለው መዳብ ቀልቶ ተገኘ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በሌላ ቀዝቃዛ ማለዳ፣ ሦስቱ ሰዎች በዚያችው መኪና ዙሪያ ቆሙ። ቁልፉ ዞረ። አዛውንቱ ካቻቢቴውን አላነሡም፤ መዳፋቸውን ብቻ በሞተሩ ሽፋን ላይ አሳርፈው የወጣቱን ፊት ተመለከቱ።

«ምን ትሰማለህ?»

ወጣቱ ዐይኑን ጨፍኖ ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጠ።

«ሞተር ብቻ ነው፣ ጋሼ።»