የማጣሪያው ቁጥርና የእናቴ ዕጣን

የ2017 ዓ.ም. ገና የዋለው ማክሰኞ ነበር፤ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 7 ቀን 2025። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ቤት ውያለሁ። ዶሮው ተበልቶ አቦሉ ወርዷል። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ቶናውን ጥዳ ዕጣን እያጨሰች ሳለ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ፎቶ ላከልኝ። ከባሕሩ ወገን፣ ፓሲፊክ ፓሊሴድስ ከሚባለው ሰፈር በላይ ጥቁር ጭስ ቆሟል። ማታውን ደግሞ አልታዲና ተያያዘ። በማግስቱ ምሽት የሆሊውድ ኮረብታዎች ላይ ሌላ እሳት ተነሣ። ሁለቱ ትልልቅ እሳቶች ጨርሰው በቁጥጥር ሥር እስኪውሉ ጃንዋሪ አለቀ፤ ከ16 ሺህ በላይ ቤቶችና ሕንፃዎችንም በሉ።

የእኛን ሰፈር፣ ፒኮ ሮበርትሰንን፣ እሳቱ አልነካውም። አመዱ ግን መጣ። ጠዋት ስወጣ የመኪናዬ መስታወት ላይ እንደ ዱቄት ተነስንሶ አገኘሁት። የአምስት ዓመቷ ልጄ አስም አለባት፤ ያን ሌሊት ስትስል አደረች፤ እኛም አብረናት ነጋ።

የምንኖረው በ1930ዎቹ በተሠራ ቤት ነው። በዚህ አካባቢ ብዙ አሮጌ ቤቶች ያላቸው ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ የጋዝ ማሞቂያ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ማጣሪያ የሚባል ነገር የለውም። የእኛ አከራይ ግን ከዓመታት በፊት ማሞቂያውንና ኤሲውን በአንድ አድርጎ፣ አየሩን በጣሪያ ቱቦ ለየክፍሉ የሚያሠራጭ መሣሪያ አስገብቷል። መሣሪያው ከኮሪደሩ አየር ይስባል፣ ያሞቃል ወይም ያቀዘቅዛል፣ መልሶ ይለቃል። አየር በሚስብበት አፍ ላይ በካርቶን የተከፈፈች አንዲት ማጣሪያ አለች። ቤቱን ከተከራየን ሁለት ዓመት ሆኖን አንድም ቀን ከፍቼ አላየኋትም። ያን ዕለት ስከፍት የበግ ለምድ መስላለች።

ወደ ዕቃ መደብር ሮጥኩ። መደርደሪያው ግማሹ ባዶ ነው። የቀሩት ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ አንዱ 8፣ አንዱ 11፣ አንዱ 13፣ ሌላው ደግሞ 1900 ይላል። ሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ፤ ሁለተኛ ዲግሪዬንም የሠራሁት እዚሁ አገር ነው። ይህ ሁሉ ትምህርት ያን ጠዋት የረዳኝ ትልቁን ቁጥር አንሥቼ ከፍዬ እንድወጣ ብቻ ነው።

ቁጥሮቹን የተረዳኋቸው በኋላ ነው። ዋናው መለኪያ መርቭ ይባላል፤ ያወጣው አሽሬ የተባለው የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ነው። አንዳንድ አምራቾች ከዚህ ሌላ የራሳቸውን ቁጥር ይለጥፋሉ፤ የፊልትሬት 1900 ለምሳሌ መርቭ 13 ነው። መርቭ 8 የቤት አቧራና የአበባ ብናኝ በደንብ ይይዛል። ጭስ ግን ሌላ ነው። አብዛኛው የጭስ ብናኝ ከአንድ ማይክሮን ያንሳል፤ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባውም ይኸው ደቃቁ ነው። ለዚህ መጠን መርቭ 8 ምንም ቃል አይገባም። መርቭ 13 ግን ከ0.3 እስከ 1 ማይክሮን ካለው ብናኝ ቢያንስ ግማሹን፣ ከ1 እስከ 3 ማይክሮን ካለው ደግሞ 85 በመቶውን አየሩ ባለፈበት ቁጥር መያዝ አለበት። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም ለጭስ ጊዜ መርቭ 13ን ይመክራል። ምክሩ ግን ተቀጽላ አለው፤ መሣሪያችሁ የሚችለውን ያህል ከፍ አድርጉ ይላል። እኔ ያቺን ተቀጽላ አላነበብኳትም።

ቅዳሜ ሌሊት ማሞቂያው ያስቸግር ጀመር። ይነሣል፣ ጥቂት ይነፍሳል፣ ይጠፋል። እንደገና ይነሣል፣ ይጠፋል። ልጄን ሁለት ብርድ ልብስ ደርበንላት አደርን።

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ምሳ ስበላ የተዋወቅኳቸው አንድ ሰው አሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። አዲስ አበባ ሳሉ ፍሪጅ ይጠግኑ ነበር፤ እዚህ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የቤት ማሞቂያና ኤሲ ሠርተዋል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጠላቸውን እንደለበሱ መጡልኝ። ቀጫጭን ጎማዎች ያሏትን መለኪያ መሣሪያው ላይ ሰክተው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የቤት መሣሪያ አብዛኛው የሚሠራው በ0.5 ግፊት ነው። ያንተ 0.9 ደርሷል። ምንድን ነው ያስገባህበት?»

አሳየኋቸው።

«ልጄ፣ አፍንጫህን በነጠላ ብሸፍነው ትተነፍሳለህ። በጋቢ ብሸፍነውስ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ማጣሪያው ውፍረቱ አንድ ኢንች ብቻ ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ። የእኛ አሮጌ ሞተር በዚያ ውስጥ በቂ አየር መሳብ አልቻለም። እሳቱ ይነድዳል፣ ሙቀቱን የሚወስድ ነፋስ ግን የለም፤ መሣሪያው ከልክ በላይ ሲግል የራሱ ጥበቃ ያጠፋዋል። በበጋ ቢሆን ደግሞ፣ አሉ ጋሼ፣ ኤሲው ውስጥ በረዶ ይጋገር ነበር። ለጊዜው መርቭ 8 አስገቡልኝ።

እናቴ ይህን ሁሉ ከኩሽና ሆና ትሰማ ኖሯል። «ቀጭን ወንፊት ዱቄቱን ቶሎ አያወርድም» አለች እጇን እየጠረገች። «ታዲያ ሰፋ ያለ ወንፊት አይገዛም?»

ጋሼ ሳቁ። «እትዬ፣ ሠላሳ ዓመት የሠራሁበትን በአንድ አፍ ጨረሱት!»

በእርግጥም መፍትሔው ያ ነበር። አራት ኢንች ውፍረት ያለው ማጣሪያ አለ። ከፊት ሲያዩት መጠኑ ያው ነው፤ ውስጡ እንደ አኮርዲዮን የታጠፈው ወረቀት ሲዘረጋ ግን ከቀጭኑ ብዙ እጥፍ ይሰፋል፤ ስለዚህ በዚያው መርቭ 13 አየሩ ሳይጨነቅ ያልፋል። (የወንፊቱ ምሳሌ ለስፋቱ ይሠራል እንጂ ለአያያዙ አይሠራም። በጣም ደቃቁ ብናኝ ቀዳዳ ጠቦት አይቀርም፤ እየተንቀጠቀጠ ሲዞር ክሩን ይነካና እዚያው ይጣበቃል። ለእናቴ ይህን ላስረዳት ሞክሬ «እሺ» ብላኛለች።) አከራዩን አስፈቅደን፣ ጋሼ ወፍራሙን የሚይዝ ሳጥን እስኪገጥሙልን አሥር ቀን ፈጀ። በመሐሉ ከሱቅ አራት መርቭ 13 ማጣሪያዎችና አንድ አራት ማዕዘን ቬንትሌተር ገዝቼ በፕላስተር አጣበቅኳቸው። ሪቻርድ ኮርሲና ጂም ሮዘንታል የተባሉ ሰዎች በኮቪድ ጊዜ፣ በ2020፣ ያስተዋወቁት ዘዴ ነው። መልኩ ያሳፍራል፤ ሥራውን ግን ይሠራል። በልጄ አልጋ አጠገብ ሲያጓራ ከረመ።

ጋሼ ሲሄዱ ሦስት ነገር አደራ አሉኝ። ማጣሪያው ላይ ያለው ቀስት አየሩ ወደሚሄድበት ይዙር። በጠርዙ ክፍተት አይኑር፤ አየር ቀላሉን መንገድ ነው የሚመርጠው። ሦስተኛው እኔ ጨርሶ ያላሰብኩት ነበር፤ ማጣሪያ የሚያጣራው ነፋሱ ሲሠራ ብቻ ነው። ቴርሞስታቱ «አውቶ» ላይ ከሆነ ቤቱ የፈለጉት ሙቀት ላይ ሲደርስ ነፋሱ ይቆማል፤ ውድ ማጣሪያዬም ያንቀላፋል። ጭስ ባለበት ቀን «ኦን» ላይ ይሁን።

ከዚያ መለኪያ ገዛሁ። በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ስንት ማይክሮግራም ደቃቅ ብናኝ እንዳለ የምትናገር፣ መዳፍ የምታህል ዕቃ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ቀን አማካይ ያስቀመጠው ወሰን 15 ነው። አዲሱ ማጣሪያ ከገባ በኋላ ቤታችን 6፣ 7 ይል ጀመር። ደስ አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ቁጥሩ 310 ገባ። መስኮት ተከፍቶ እንደሆነ ለማየት ሮጥኩ። መስኮቱ ዝግ ነው። እናቴ ቡና አፍልታለች።

አሥር ቀን ዝም አልኩ። ለእናት ይህ እንዴት ይነገራል? በመጨረሻ ልጄ ሌሊት ስትስል ያደረችበትን ቀን ጠብቄ፣ «እማዬ፣ ዕጣኑን ለጊዜው ብንተወው» አልኳት።

«በዚህ ዕጣን አይደል ያደግኸው?» አለችኝ። ሌላ አልተናገረችም። በማግስቱ ቡና አልተፈላም። በሦስተኛውም ቀን። ጀበናው ታጥቦ ቁምሳጥን ውስጥ ገብቷል። ባለቤቴ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች፤ በሦስት ቀን ቤቱ የእንግዳ ማረፊያ መሰለ። ዝምታውን የሰበረችው ልጄ ናት። «እማማ፣ ፈንዲሻው የት ሄደ?»

እናቴ ያን ዕለት መለኪያዋን ከጠረጴዛዬ ላይ አነሣች። «እስቲ አሳየኝ» አለች። ሳምንቱን ሙሉ ይዛት ዞረች። ሽንኩርት ሲቁላላ ለካች። ቡና ሲቆላ ለካች። አንድ ጠዋት እንቁላል ስጠብስ ከኋላዬ ቆማ፣ «ይኸው! ያንተም እንቁላል 120 አለ!» ብላ ጮኸች። እውነቷን ነበር፤ ከምድጃው በላይ ያለውን ጭስ ሳቢ አላበራሁትም።

ቡናው በስምምነት ተመለሰ። ዕጣኑ የሚጨሰው በጓሮው ደረጃ ላይ ነው፤ ጥቂት፣ በስተመጨረሻ፣ ልጅቷ ሳትኖር። ቡና ሲቆላ ጭስ ሳቢው ይበራል፣ ነፋሱም ለአንድ ሰዓት «ኦን» ላይ ይሆናል። ስለ ከሰሉ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ የትኛውም የመርቭ ቁጥር፣ ሄፓም ቢሆን፣ ከከሰል የሚወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ አይዝም። ብናኝ አይደለም፣ ጋዝ ነው፤ ሽታም የለውም። በዝግ ቤት ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል በማጣሪያ አይካስም።

የልጄ ሳል ጨርሶ አልጠፋም። ሌሊት የምትነቃበት ቀን ግን አንሷል። የማጣሪያው ይሁን፣ ጭሱ ከከተማው መውጣቱ ይሁን፣ ሐኪሟ የጨመረችላት መድኃኒት ይሁን ለይቼ መናገር አልችልም። ማጣሪያውን በየወሩ አየዋለሁ፤ ሲጠቁር እቀይራለሁ።

እናቴ ከፋሲካ በፊት ስትመለስ መለኪያዋን ሻንጣዋ ውስጥ ከተተቻት። አዲስ አበባ ያለው ቤታችን ቱቦም ማጣሪያም የለውም፤ በርና መስኮት ነው ያለው። ባለፈው እሑድ ደወለችልኝ።

«ዛሬ 90 ይላል» አለች። «ጎረቤታችን በርበሬ እያመሰች ነው። መስኮቱን ዘግቼዋለሁ። አንተስ ቀየርከው?»