ቀንበጥ

ድሬዳዋ፣ መጋላ የነበረው የአያቴ ግቢ ትዝ ሲለኝ ቀድሞ የሚመጣልኝ ሽታው ነው፤ የከሰል ጭስ፣ ከጎረቤት የሚፈላው የቡና ቅጠል ቁጢ፣ በጣት ሲታሽ የሚያውደው የሎሚ ቅጠል። የ1970 ክረምት ነበር። የሶማሊያ ጦር ድሬ ደጃፍ ደርሶ ከተመለሰ ገና ዓመቱ ነው። ትልልቆቹ ያንን ሲያነሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ እኔ ከግቢ እንዳልወጣ ተከልክዬ ሎሚዋ ሥር እውላለሁ።

አንድ ጠዋት ለጋ ቅጠሎቿ ላይ የብር ክር የመሰለ መስመር አየሁ፤ ይጠማዘዛል፣ ይታጠፋል፣ ይመለሳል። አንዱን ቀጥፌ ወደ ፀሐይ ሳነሣው መሐሉ ላይ ፀጉር የሚያክል ጥቁር መስመር አለ፤ የትል ኩስ ኖሯል። ጫፉ ላይ፣ ከስሱ ቆዳ ሥር፣ አንዲት ብርሃን የምታሳልፍ ትል ትርመሰመሳለች።

«አያቴ፣ ነይ እዪ!» አልኳት። እኛ ድሬዎች አንቱታ አይሆንልንም።

«ክታብ ይመስላል አቦ!» አለች። ኋላ ግን የቅጠሉን መኮማተር ስታይ ፊቷ ጠቆረ።

ላስደስታት ብዬ በነጋታው መስመር ያለበትን ቅጠል ሁሉ አራገፍኩት። «ሎሚዬን ላጨሃት!» ያለችበት ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ሎሚዋስ ደግ ናት፣ ብዙም ሳትቆይ አዲስ ቀንበጥ አወጣች፤ እሱም ከፊተኛው ብሶ ተጻፈበት። ለካ የትሏ እናት የእሳት ራት ናት፤ በሌሊት መጥታ እንቁላሏን የምትጥለው ለጋውን መርጣ ነው። እኔ ባራገፍኩ ቁጥር ማዕድ ሳቀርብላት ኖሬያለሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይኼ ነው።

ከሰዓት በርጫ ላይ የተቀመጠው አጎቴ ነገሩን ሰምቶ፣ ከእቅፉ ጫት ለጋ ለጋውን እየመረጠ፣ «ምን አጠፋች? እሷም እንደኛ ቀንበጥ ነው የምትወደው!» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። አያቴም ሳቀች፤ ታረቅን።

ከዚያ በኋላ ማራገፉን ትቼ ማየት ያዝኩ። ትሏ ስትጠግብ የቅጠሉን ጠርዝ አጥፋ ውስጡ ትሸሸጋለች። እንዲህ የታጠፈ አንድ ቅጠል ብርጭቆ ውስጥ አድርጌ በነጠላ ቁራጭ ሸፈንኩት። ከቀናት በኋላ ጎህ ሲቀድ ከሰሊጥ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ፣ ብርማ ክንፎቿ ጫፍ ላይ ጥቁር ነጥብ ያላት የእሳት ራት ብርጭቆው ላይ ተለጥፋ አገኘኋት። ያቺ ነች ያስለቀሰችን? ነጠላውን ገለጥኩላት፤ አያቴ እንዳትሰማ ቀስ ብዬ።

አያቴም ሎሚዋም ዛሬ የሉም። ድሬ ስሄድ ግን በርጫ ላይ ቀንበጥ ሲዘረጉልኝ፣ ከመቃሜ በፊት ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣዋለሁ።

«ምን ፈለግክ አቦ?» ይሉኛል።

«ጽሑፍ» እላለሁ። ይስቃሉ።