ድምፅ የሌለው በረዶ

አንባቢዎቼ ሆይ፤ በቦሌ ሚካኤል ሠፈር የኖረ ሰው በረዶን የሚያውቀው በጆሮው ነው። በክረምት ሰማዩ ይጠቁራል፤ ነጎድጓድ ይቀድማል፤ ወዲያውም ቆርቆሮው እንደ ከበሮ ይደበደባል፤ ከአጠገባችን የሚነሣው አውሮፕላን እንኳ አይሰማም። ጥቂት ቆይቶ ፀሐይ ትወጣለች፤ ልጆችም በረዶውን በእፍኛቸው እየዘገኑ ይበላሉ። እኔም ወደ አሜሪካ የሄድሁት በዚሁ ዕውቀቴ ተማምኜ ነበር።

ዋሽንግተን እየሠራሁ በአቅራቢያዋ በምትገኘው በሲልቨር ስፕሪንግ ስኖር፥ የ2008 ዓ.ም. ጥምቀት ረቡዕ ዋለ። ጥምቀት ረቡዕ ቢውልም አይጾምምና፥ ያገሬ ልጆች ለዶሮ ወጥ ጠርተውኝ ነበር። ከሥራ ወጥቼ መኪናዬን ሳስነሣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ መንገዱም የግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር።

በመስኮቱ ስመለከት እንደ ተባዘተ ጥጥ ያለ ነገር ቀስ ብሎ ይወርዳል። ነጎድጓድ የለ፥ ነፋስ የለ፥ ድምፅ የለ። «ይህስ ምን ያደርጋል?» ብዬ ናቅሁት። በእርግጥም የወረደው 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነበር። ነገር ግን ምድሩ አስቀድሞ ቀዝቅዞ ስለ ነበረ፥ በብዙ መንገድም ላይ ጨው ስላልተበተነ፥ ጎማ የረገጠው ሁሉ እንደ መስተዋት ሆነ። መኪናዎች አቀበቱን መውጣት አቅቷቸው ወደ ኋላ ይንሸራተቱ ጀመር። በዚያች ምሽት የፕሬዚዳንት ኦባማ አጀብ እንኳ ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ቤተ መንግሥታቸው ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጅቶበታል።

ከሌሊቱ 5 ሰዓት ሲሆን፥ ገና በመንገድ ላይ ቆሜ ሳለሁ፥ እናቴ ከቦሌ ሚካኤል ደወለች። አዲስ አበባ በ8 ሰዓት ስለምትቀድም እዚያ ጥር 12 ነግቷል፤ ታቦተ ሚካኤልን ልታጅብ ነጠላዋን ለብሳ መውጣቷ ነበር።

«በረዶ ጥሎ መንገድ ላይ ቀረሁ» አልኋት።

«በል ልጄ፥ ቶሎ ከጣራ ሥር ግባ! ራስህን እንዳይመታህ።»

«አይመታም እማዬ፤ ድምፅም የለው።»

«ድምፅ ከሌለው ታዲያ ምኑን በረዶ ሆነው?»

መልስ አጣሁ። ለካስ ሁለቱን ነገሮች በአንድ ስም እየጠራናቸው ኖሯል! የኛ የክረምት በረዶ፥ ብርቱ ነፋስ የውኃውን ጠብታ በደመና ውስጥ ሽቅብ እያነሣ፥ በላይ በላዩ እየረጋበት የሚጠነክር ጠጠር ነው። የዚያ አገሩ ግን በደመናው ውስጥ ያለው እንፋሎት ውኃ ሳይሆን በቀጥታ ወደ በረዶ ቅንጣት ተለውጦ የሚወርድ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሳችን አመዳይ የሚለው ይህንን ነው።

መኪናዬን ዳር አስይዤ የቀረውን በእግሬ ሄድሁ። የበዓል ጫማዬ እያንሸራተተ ሁለት ጊዜ ጣለኝ፤ አንድ የማላውቀው ሰው ክንዴን ይዞ መንገዱን አሻገረኝ። ስደርስ እኩለ ሌሊት አልፏል፤ ወጡ ግን በምድጃው ላይ ይጠብቀኝ ነበር።

ወዲያው በጥር 13 እና 14 ቀን በዋሽንግተን 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ወረደ። እርሱ ግን አስቀድሞ በሰፊው ስለ ተነገረ፥ ዳቦና ወተታችንን ገዝተን ቤታችን ተቀመጥን። እኔን የጣለኝ ትልቁ ሳይሆን ትንሹ ነው፤ የናቁት ያደርጋል ራቁት ማለት ይህ አይደለምን?

ስለዚህ አንባቢዎቼ ሆይ፤ በጥርና በየካቲት ከቦሌ ተነሥታችሁ ወደዚያ የምትሄዱ እንደ ሆነ፥ ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ ያዙ፤ ዝም ብሎ የሚወርደውንም ፍሩ። እናቴ ግን እስከ ዛሬ ድረስ፥ ቆርቆሮ የማይመታውን በረዶ ብላ አትጠራውም።