የእማዬ ጎመን በፊኒክስ

ሰኔ ሲገባ ጎመን ይዘራል፤ እኔ የማውቀው ይህንን ነው። እማዬ በብጣሽ ጨርቅ ቋጥራ የላከችልኝን ዘር፣ አሪዞና፣ ፊኒክስ ከተማ ባለው ጓሮዬ ሰኔ ላይ ዘራሁት። ከሰኔ 23 እስከ ሐምሌ 23 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ለ31 ተከታታይ ቀናት የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ከ43 ዲግሪ አልወረደም። ቡቃያው እንደ ተቆላ ገብስ ከሰለ።

እማዬ በደወለች ቁጥር «ጎመኑ በቀለ?» ትለኛለች። «በቀለ» እላታለሁ።

እኛ ክረምት የምንለው ወራት እዚህ እሳት ነው። ባሚያና ስኳር ድንች ይችሉታል። ቲማቲም ግን ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲያልፍ አበባውን ያረግፋል፤ ስለዚህ በየካቲት ተክሎ ሐምሌ ሳይገባ መልቀም ነው። የጎመን፣ የሰላጣና የካሮት ተራ ከመስከረም መጨረሻ ወዲህ ነው። ይህንን የነገሩኝ ጎረቤቴ፣ አንዲት የሜክሲኮ አሮጊት ናቸው። «በሰኔ ጎመን የሚዘራ ማን ነው?» ብለው ሳቁብኝ። (አገር ሙሉ ሰው ይዘራል ብላቸው ማን ያምነኛል!)

የተረፈችኝን እፍኝ የማትሞላ ዘር ጥቅምት ላይ በተንሁ። ለገና ቀንጥሼ ቀቀልሁ።

እማዬ ደወለች።

«ጎመኑስ?»

«እማዬ፣ ዛሬ ገና በላሁት!»

ጥቂት ዝም አለችና፣ «ታዲያ እስከ ዛሬ የበቀለው ምን ነበር?» አለችኝ።